ሹካዎቹ የተገለበጡበት እሑድ

እኅቴ ማቱሪን ስትናደድ ሥጋ ትከትፋለች። በዚያ እሑድ ጠዋት የመክተፊያዋ ድምፅ እስከ ወደቡ ድረስ ይሰማ ነበር። የተናደደችው ደግሞ በእኔ ነው።

«ፊሎሜን! ሹካውን በሆዱ አስተኚው አልኩሽ! ጥርሱ የጠረጴዛውን ልብስ ይንካ፣ ጀርባው ይታይ!»

«አስተኝቼዋለሁ።»

«ማንኪያውስ?»

«ማንኪያውም ተኝቷል። በዚህ ቤት ያልተኛሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

በእኛ አገር፣ በፈረንሳይ፣ ሹካ የሚቀመጠው ጥርሱ ወደ ታች ሆኖ ነው። የድሮ አንጥረኞች የቤተሰቡን ምልክት የሚቀርጹት በእጀታው ጀርባ ላይ ስለሆነ፣ እንግዳ ገና ወንበር ሲስብ የማን ቤት እንደገባ ያውቃል። ሹካን አንጋልሎ የሚያስቀምጥ እንግሊዝ ብቻ ነው። በሴን ማሎ ወደብ ስለ እንግሊዝ ምን እንደሚባል ደግሞ እሑድ ቀን ባልደግመው ይሻለኛል።

የምንጠብቃቸው እንግዶች መስዬ ጎንትራን ደ ኬርጋልና የልጅ ልጃቸው አርሜል ነበሩ። ኬርጋሎች ከአብዮቱ በፊት ጀምሮ በኮረብታው ላይ የሚኖሩ መኳንንት ናቸው። እኛ ደግሞ ከኮረብታው ሥር ባለ ልኳንዳ ነን። በሁለታችን መካከል ያለው መንገድ በእግር ትንሽ ነው፣ በክብር ሲለካ ግን እስከ ፓሪስ ይደርሳል። ያንን መንገድ ያሳጠረችው አርሜል ናት። ሐሙስ ሐሙስ «ለውሻችን» እያለች አጥንት ልትገዛ ትመጣ ነበር። የእኅቴ ልጅ ኮራንታን አጥንቱን ይጠቀልልላታል፣ አጥንቱ ላይም ሥጋ ይተውላታል። በመጨረሻ ሥጋው በዝቶ አጥንቱን መፈለግ የሚያስቸግር ሆነ። ኬርጋሎች ውሻ እንደሌላቸው ከተማው ሁሉ ያውቃል። ኮራንታንም ያውቃል። አንድ ቀን ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፣ እኔም ገንዘብ መቀበያው ጋ ተቀምጬ እነዚያን ሁለት ልጆች በሚዛኑ ላይ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ሳይ ሂሳብ ይጠፋብኝ ነበር።

ችግሩ ሽማግሌው ናቸው። አርሜልን ሊያጭ የመጣውን ሁሉ ይመልሳሉ። የሐኪሙን ልጅ አፍንጫው አላማረኝም አሉ። የውል አዋዋዩን ልጅ ጫማው ይንጫጫል አሉ። ሁሉንም የሚሸኙት በአንድ ቃል ነው፦ «የኬርጋል የብር ዕቃ ሬን ከተማ ባንክ ተቀምጧል። የሚገባው ሰው ሲመጣ ይወጣል።» እኛ ዘንድ የትልቅ ቤት ልጅ ስትዳር የብር ዕቃዋን ይዛ ነው የምትገባው። ያለ እሱ ከገባች በሐሜት ይበሏታል። ስለዚህ የብር ዕቃው ካልወጣ ሠርግ የለም፣ ሽማግሌው እሺ ካላሉ ደግሞ የብር ዕቃው አይወጣም።

ለኮራንታን እሺ ያሉት ምሳ ለመብላት ብቻ ነው። «የልጁን ቤት ጠረጴዛ ልየው» አሉ። በቃ፣ ሁሉም ነገር በዚያ ምሳ ላይ ተንጠለጠለ።

እኅቴም የዋዛ ሴት አይደለችም። ብር በእኛ አገር ይወረሳል እንጂ አይገዛም፤ የገዛ ሰው ገና ትናንት እንደጠገበ ይቆጠራል። ማቱሪን ግን ባሏ ከሞተ በኋላ ሬን ከአንድ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ሙሉ ማንኪያና ሹካ ገዝታ ነበር። ምን ልበላችሁ፣ ያምራል። ከአንድ ድፍን ብር በመዶሻ እየተቀጠቀጠ የወጣ ነው፣ ስታነሡት እጅ ላይ ይከብዳል፣ ግን አይጎረብጥም። ጠርዙ ላይ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ዙሪያውን ይሮጣል። የሠራው አንጥረኛ በእጁ ያሰመረው ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ውበቱም እሱ ነው። ከብዙ ዘመን አጠቃቀም የሹካዎቹ አንደኛው ጥርስ ከሌሎቹ አጠር ብሏል። በጀርባው ደግሞ ሁለት ዓሣና አንድ ግንብ ተቀርጾበታል።

ማቱሪን ዓሣዎቹን አልወደደችም። «የልኳንዳ ቤት ሹካ ላይ ዓሣ ምን ይሠራል?» ብላ፣ ተፍቀው በበሬ ራስ እንዲተኩላት ቀራጭ ዘንድ ወሰደቻቸው። ቀራጩ ብሩ ይሳሳል ብሎ እንቢ አላት። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠረች። «ከቅድመ አያቴ የወረስኩት ነው እላለሁ» አለችኝ። ቅድመ አያታችን በባዶ እግሯ ዓሣ ነጋዴ ስለነበረች፣ ቢያንስ ዓሣው እውነት ነው።

አሁን የምነግራችሁን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። እኔ የተጨነቅሁትን ያህል እናንተ እንዳትጨነቁ ነው አስቀድሜ የምነግራችሁ።

ኮራንታን እንግዶቹን ሊያመጣ በሥጋ ማመላለሻ መኪናችን ሄደ። መስዬ ደ ኬርጋል በሩ ላይ የተሳለውን የሚስቅ አሳማ ትክ ብለው አዩት፣ ባርኔጣቸውን አወለቁለትና ገቡ። መኪናው ጠባብ ነው። መታጠፊያው ላይ ሽማግሌው እንዳይወድቁ የፊቱን እጀታ ጨበጡ። ኮራንታን ቀለበታቸውን ያየው ያኔ ነው። ሁለት ዓሣና አንድ ግንብ።

ልጁ ሞኝ አይደለም። ባንክ ነው የሚባለው የብር ዕቃ እናቱ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ እየጠበቃቸው እንደሆነ በአንድ ጊዜ ገባው። ሽማግሌው ሸጠውት ኖሯል! አርሜል ደግሞ ከኋላ ወንበር «አያቴ፣ ለሠርጌ የብር ዕቃችንን ራሴ ነኝ የምወለውለው» እያለች ትስቃለች። ወንበር ሲስቡ የገዛ ቤታቸውን ምልክት በልኳንዳ ቤት ሊያነቡ ነው፤ ያውም የልጅ ልጃቸው ፊት።

መኪናውን ደጅ አቆመና በጓሮ በር እየሮጠ ገባ። እኔ ማድቤት ነበርኩ። በአጠገቤ እንደ ነፋስ አለፈ፣ ከሳሎን ኳ ኳ ኳ የሚል ሰማሁ፣ ተመልሶም እየሮጠ ወጣ። ምን እንደነካው ልጠይቀው ስል የለም። ከእንግዶቹ ጋር ሳሎን ስንገባ ሹካው ሁሉ ጥርሱን አግጦ ጣሪያ እያየ ነው፣ ማንኪያውም ሆዱን ገልብጦ ተንጋሏል። እኅቴ አየችኝ። እኔም እጄ የለበትም ብዬ በቅዱሳን ሁሉ ስም በዓይኔ ማልኩላት።

መስዬ ደ ኬርጋል ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ለኩት።

«ማዳም» አሉ በመጨረሻ፣ «የምትጠብቁት እንግሊዛዊ አለ እንዴ?»

«ምን በወጣኝ! ይቺ እኅቴ ናት…»

«እኔ ነኝ» አለ ኮራንታን። ፊቱ እንደ ጉበት ቀልቷል። «እኔ… እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል።»

አርሜል ዞር ብላ አየችው። ያን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝለትም። ገና አልተቆጣችም፣ አላመነችም ብቻ። ለሳምንታት የሰጠችው ምክር አንድ ነበር፤ አያቴ የሰው ፊት ከማየታቸው በፊት ሹካ ያያሉ፣ ሹካው በሆዱ ይሁን። ሊስተው የማይገባው ያንኑ አንዱን ብቻ ነበር፣ እሱንም ሳተው። ወንበሯን ሳበችና ከእሱ ዓይን ሸሽታ ተቀመጠች።

ምሳው እንዴት እንዳለፈ እግዜር ነው የሚያውቀው። ኮራንታን ማንም ሰው ሹካ እንዲያስቀምጥ አልፈለገም፤ ከተቀመጠ ይገለበጣላ። ሾርባው ገና ሳያልቅ ሳህን ከነማንኪያው ይነጥቃል። የበግ ታፋው ሲመጣ ሽማግሌው ሹካቸውን ዝቅ ባደረጉ ቁጥር አዲስ ቁራጭ ያስቀምጥላቸዋል፣ ነጭ ቦሎቄ ይከምርላቸዋል። እሳቸውም አላሳፈሩትም። ሲበሉ አየኋቸው፤ ቀስ ብለው፣ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ብዙ ዘመን እንዲህ ዓይነት ሥጋ እንዳልበላ ሰው በሉ። ያኔ ሆዴ ትንሽ ባባ፣ ግን ስለ ሹካው ገና ስላልበረደልኝ ደበቅሁት።

ማቱሪን ደግሞ ዝም ማለት አትችልም።

«መስዬ፣ ይህ የብር ዕቃ ከቅድመ አያቴ የወረስኩት ነው።»

ሽማግሌው ማኘክ አቆሙ። «ከቅድመ አያትዎ?»

«አዎ! እኛ ጋ ብር አይገዛም።»

«ምን ዓይነት ሴት ነበሩ?»

«ጠንካራ!»

«ይታመናል» አሉ ሹካውን በእጃቸው ከፍ ዝቅ እያደረጉ። «ክብደቱ ይናገራል። ሐዘንም ያዩ ይመስለኛል፣ ቅድመ አያትዎ።»

«ምኑን አይታ! እንደሳቀች ነው የሞተችው። ገልብጠው ይዩት እንጂ፣ ጀርባው ላይ እኮ…»

ኮራንታን የሶሱን ዕቃ በእናቱ አዲስ ቀሚስ ላይ ደፋው። ሳያስብ አይደለም፤ ዓልሞ ነው የደፋው፣ እኔ አይቻለሁ። እኅቴ ጮኸች፣ እኔ ጨርቅ ፍለጋ ማድቤት ሮጥኩ፣ እሱም ተከተለኝ። ወዲያው አርሜል ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«አክስት ፊሎሜን፣ ትንሽ ትወጪልን?»

«ሶሱ ያርርብኛል» አልኩ። ምድጃው ላይ የነበረው ውሃ ነው። ማማሰል ጀመርኩ።

«ምን በደልኩህ?» አለችው። ድምፅዋ ቀጭን ሆነ። «ንገረኝ፣ ኮራንታን። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩህ።»

«አውቃለሁ።»

«ረስቼው ነው በለኝ፣ አሁኑኑ ይቅር እልሃለሁ።»

«አልረሳሁም።»

«ልትቀልድባቸው ነው?»

«አርሜል! እኔ በአያትሽ?»

«ታዲያ ምንድን ነው? የሞኝ ምክንያትም ቢሆን ስጠኝ። ውሸትም ቢሆን። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ይህ ሰው አይፈልገኝ ይሆናል፣ በዚህ ሰበብ ሊሸሽ ነው እያልኩ የምበላው አልወርድ ብሎኛል!»

ኮራንታን ምስጢሩን ቢናገር ሽማግሌውን ያዋርዳል፣ ባይናገር ልጅቷን ያጣል። ጥፍሩን መዳፉ ውስጥ ሲቀብር አየሁት።

«ልነግርሽ አልችልም» አላት። «ብቻ እመኚኝ። አንቺን ባልወድሽ፣ ይህን ሁሉ ሐሙስ ውሻ ለሌለው ቤት አጥንት እጠቀልል ነበር?»

ወይ ልጄ! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው ለዚህ ነው።

አርሜል መጀመሪያ ነጣች፣ ቀጥላ ቀላች። «ውሻ እንደሌለን ታውቅ ነበር?»

«እኔ…»

«ሥጋውን እያወቅህ ነው የምትተወው? ለእኛ? በችሮታ?» እንባዋ መጣ፣ በእጇ ጀርባ ገፋችው። «እኔ ደግሞ ስለወደደኝ እጁ የሳተ መስሎኝ! ቤት ገብቼ ያንን ጥቅል እየፈታሁ ስቄ አላውቅም መሰለህ? ያን ሥጋ እንደ ደብዳቤ ነበር የማነበው፣ ኮራንታን። ለካ ምጽዋት ነው።»

«ደብዳቤ ነበር!» አለ። «መጻፍ ስለማልችልበት እኮ ነው!»

አልሰማችውም። ወጥታለች። እሱ በሩን እያየ ቀረ፣ እኔም ውሃዬን አማሰልኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያሳደግሁት ልጅ እንደዚያ ተሰብሮ ቆሞ ሳየው ማማሰያውን ውሃው ውስጥ ለቀቅሁት።

ሳሎን ስንገባ አርሜል የአያቷን ካፖርት ይዛ ቆማለች።

«አያቴ፣ እንሂድ። እርስዎ ልክ ነበሩ። እዚህ የእኛ ቦታ አይደለም።»

«ተቀመጪ፣ ልጄ።»

«አያቴ…»

«ተቀመጪ አልኩሽ። እኔ ሾርባው ከመጣ ጀምሮ ቤቴ ነኝ።»

ማንም አልገባውም፣ ከኮራንታን በቀር። እሱ ግድግዳውን ተደገፈ። ሽማግሌው ሹካቸውን በአፍ መጥረጊያ ጨርቃቸው በቀስታ ጠረጉት፣ ጥርሱን ዳሰሱት፣ ከዚያ ገልብጠው በሆዱ አስተኙት፣ ልክ በእኛ አገር ወግ። ቀለበት ያለበትን እጃቸውንም አጠገቡ ዘረጉ። ሁለት ዓሣና አንድ ግንብ፣ ሁለት ዓሣና አንድ ግንብ።

አርሜል ቀለበቱንና ሹካውን እያፈራረቀች አየች።

«ቅድመ አያቴ…» ብላ ጀመረች እኅቴ።

«ማዳም» አሉ ሽማግሌው፣ «ቅድመ አያትዎን እናሳርፋቸው።»

እኅቴ ተቀመጠች። ሶሱ ከቀሚሷ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ማንም አላስተዋለውም።

«መብላት የተማርኩት በዚህ ማንኪያ ነው» አሉ። «እናቴ ከእጄ ስትቀማኝ፣ እኔ ስነክሰው ያደግሁበት ነው። ሰው የገዛ ማንኪያው አፉ ሲገባ አያጣውም። ምልክቱን ማየት አላስፈለገኝም።»

«ባንክ ነው ያሉኝስ?» አለች አርሜል። ካፖርቱን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

«ባንክ ያስቀመጥኩት ውሸቴን ነው። በደንብ ተቆልፎበታል።» ሊስቁ ሞከሩ፣ ከንፈራቸው እንቢ አላቸው። «ትንሽ ልጅ ሆነሽ ሳንባሽ ታሞ ተራራው ላይ፣ እነዚያ መነኮሳት ዘንድ የተኛሽበትን ክረምት ታስታውሻለሽ? ወተቱን፣ ሐኪሙን፣ ከሰሉን ማን የከፈለው ይመስልሻል? ዓሣዎቹ ናቸው። አንቺ ነሽ የበላሻቸው፣ ልጄ። እኔም አንድ ቀን አልቆጨኝም።»

ካፖርቱ ከአርሜል እጅ ወደቀ።

«ከዚያ በኋላ ግን ፈሪ ሆንኩ። ሊያጭሽ ለመጣው ሁሉ የሚጎድለው ነገር አገኘሁለት። አፍንጫ፣ ጫማ። የጎደለውስ ከእኔ ቤት ነበር። ባዶ እጅሽን ላወጣሽ አፈርኩ።» ወደ ኮራንታን ዞሩ። «ይህ ልጅ መኪናው ውስጥ ቀለበቴን ሲያይ ፊቱ ሲለወጥ አይቼዋለሁ። ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። ሾርባው ሲመጣ ገባኝ። ዝም ያልኩት እስከ የት እንደሚሄድ ላይ ብዬ ነው። የእናቱን ቀሚስ አበላሸ። የሚወዳትን ልጅ አስቀየመ። እኔን እስኪያመኝ አበላኝ። የሴን ማሎ ልጅ ሆኖ ለእኔ ክብር ሲል በአደባባይ እንግሊዝ ሆነ! ከዚህ በላይ ምን መስዋዕት ልጠይቀው?»

አርሜል ወደ ኮራንታን ዞረች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምስጢሩ የእኔ አልነበረም» አላት። «የእኔ ብቻ ቢሆንማ ሐሙስ ሐሙስ ስነግርሽ ነው የኖርኩት።»

እንዲህ ያለ ልጅ ነው ያሳደግሁት። እናቱ ናት የወለደችው፣ እሺ፣ ግን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አርሜል እጁን ያዘችው። አልተቃቀፉም፣ አልተሳሳሙም፣ እንዲያው እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። ሁለቱም የሚያፍሩበት ነገር አንድ ጊዜ ስላለቀ ሸክሙን እንዳወረደ ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

ማቱሪን ተነሣች። እኅቴን አውቃታለሁ፤ ከአንድ ፍራንክ ጋር ስትለያይ እንኳ ታለቅሳለች። አሁን ግን ሹካዎቹን ከጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ መሰብሰብ ጀመረች።

«መስዬ» አለች ድምፅዋ ተሰብሮ፣ «ይውሰዱት። አሁን ጠቅልዬ እሰጥዎታለሁ። ለልጅቷ ይሁን። የእኔ ቅድመ አያት እኮ… ባዶ እግሯን ነበር የምትሄደው።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሡ። ሹካዎቹን ከእጇ ተቀብለው ወደ ቦታቸው መለሷቸው፣ እያንዳንዱን በሆዱ። ከዚያም የእኅቴን እጅ፣ ያንን የቢላዋ ጠባሳ የሞላበት ወፍራም እጅ፣ አነሡና ጎንበስ ብለው ሳሙት።

«የሙሽራ ዕቃ ወደ ኋላ አይመለስም፣ ማዳም» አሉ። «ዕቃዋ ቀድሟት ቤትዎ ገብቷል። የዘገየችው እሷ ናት።»

አርሜል የኮራንታንን እጅ ለቀቀች። ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና እኅቴ ፊት ቆመች፣ ከዚያ ሶስ በነካው ቀሚስ ላይ ግንባሯን ደገፈች።

«ስለዘገየሁ ይቅርታ» አለቻት፣ «እናቴ።»

ማቱሪን ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ ልጅቷን እንዳታቆሽሻት ፈርታ ጥቂት አየር ላይ ያዘቻቸው፣ በመጨረሻ ግን አልቻለችም፣ አቀፈቻት፣ ዓይኗንም ጨፍና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።